ካፉሪና ቀላሉ የኪሮሽ ሹራብ

የሰው ልብስ የሚኖርበትን አገር አየር ይከተላል። የደጋ ሰው ጋቢና በርኖስ ይደርባል፤ የቆላ ሰው ደግሞ ሳሳ ያለና ነፋስ የሚያሳልፍ ልብስ ይመርጣል። ነገር ግን ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለብሰው እንደ ልማዱ ነው እንጂ እንደ አየሩ አይደለም፤ አየሩን እስኪለምድም ድረስ ብዙ ይቸገራል። በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ በሱዳን ዋና ከተማ ስለሚገኘው ስለ ካፉሪ ሠፈር፥ እንዲሁም ለዚያ ሠፈር አየር ስለሚስማማውና በቤት ውስጥ በእጅ ስለሚሠራው ቀላል የኪሮሽ ሹራብ ይሆናል።

«ቀላል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ያስተውሉ ዘንድ እንወዳለን። አንደኛው ክብደት የሌለው ማለት ነው፤ ሁለተኛውም ለመሥራት የማያስቸግር ማለት ነው። የምንናገርለት ሹራብ በሁለቱም ትርጉም ቀላል ነው። ሹራብ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው ከሱፍ የተሠራው ወፍራም ልብስ ቢሆንም፥ ከቀጭን የጥጥ ክር የተሠራውም ሹራብ ይባላል። ኪሮሽ የምንለው ደግሞ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አጭር መሣሪያ ነው፤ በመሣሪያው የሚሠራውም ሥራ በዚሁ ስም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሠፈሩ

ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓባይ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካርቱም ሲደርስ ከነጭ ዓባይ ጋራ ይገናኛል። ታላቁ ከተማ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ካርቱም፥ በምዕራብ በኩል ያለው ኦምዱርማን፥ በሰሜን በኩል ያለውም ባሕሪ ይባላል። ከካርቱም ወደ ባሕሪ ከሚያሻግሩት ድልድዮች ሁሉ የቀደመው በ1909 የተፈጸመው የብረት ድልድይ ነው። ወንዙን ተሻግረን የዓባይን ሰሜናዊ ዳር እየተከተልን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ፥ በመጀመሪያ በእስር ቤቱ ስሙ የታወቀውን ኮበርን እናገኛለን፤ ከእርሱም ቀጥሎ ካፉሪ ይገኛል።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሱዳን ንግድና እርሻ ካቋቋመው ከአዚዝ ካፉሪ ነው፤ የዚህም ሰው ትውልዱ ከሊባኖስ ምድር ነበረ። ዛሬ ግንብ ቤት የቆመበት ስፍራ በዚያን ጊዜ እርሻ ነበር። በየዓመቱ በነሐሴ ወር ዓባይ ከኢትዮጵያ ተራሮች አፈር ጠርጎ ሲወርድ ውሃው ይደፈርሳል፤ በዳርና በዳር ያለውም መሬት ከጥንት ጀምሮ የወፈረው በዚሁ ደለል ነው። ስለዚህ የጎጃምና የጎንደር ሰው በካፉሪ ወንዝ ዳር ቢቆም በእግሩ ሥር ያለው አፈር ጨርሶ ባዕድ አይደለም።

የእርሻው መሬት ለመኖሪያ ቤት ሲደለደል ሠፈሩ በቁጥር በሚጠሩ ክፍሎች ተከፈለ። ከጊዜ በኋላ ካፉሪ የባለሥልጣኖችና የባለጸጎች መኖሪያ ሆነ። ሰፊ ግቢ፥ ረዥም አጥር፥ በበሩ ላይ ዘበኛ፥ በግቢውም ውስጥ የኒም ዛፍ ጥላ የሠፈሩ መታወቂያዎች ነበሩ። ጕልላቶቹና ረዣዥም ሚናሮቹ ከሩቅ የሚታዩት የአል ኑር መስጊድም የሚገኘው በዚሁ ሠፈር ነው።

እስከ 2023 ድረስ በካርቱም በሚገኙ እንደዚህ ባሉ ቤቶች ብዙ ኢትዮጵያውያት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ የመጡት በመተማ በኩል ገላባትንና ገዳረፍን አልፈው ነው። ቤት ያጸዳሉ፤ ወጥ ይሠራሉ፤ ልጅ ያሳድጋሉ። አሠሪያቸውን «ማዳም» ብለው ይጠራሉ፤ እርስ በርሳቸውም ታላቂቱን «እትዬ»፥ ታናሺቱን «እኅቴ» ወይም «ልጄ» ይባባላሉ። በሱዳን የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ፥ ዕረፍት ያገኘች ሁሉ በዚያ ቀን የአገሯን ሰው ፍለጋ ትወጣ ነበር። በቀሩት ቀኖች ግን የራሷ የሆነው ሰዓት ከምሳ በኋላ ባለው ጊዜ፥ ፀሐይ በርትታ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲተኛ የሚገኘው ነው። እንደዚህ ላለው አጭር ሰዓት ከኪሮሽ የበለጠ የሚስማማ ሥራ የለም፤ መኪና አያሻም፤ ድምፅ የለውም፤ ጥሪ ሲሰማ ወዲያው ይቀመጣል፤ ሲመለሱም ካቆሙበት ይቀጠላል።

አየሩና ልብሱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ ካርቱም ያለችው በ380 ሜትር ያህል ላይ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዓመት የሚዘንበው ዝናም ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ እርሱም ቢሆን አብዛኛው በክረምት ጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ያልቃል። ከዝናሙም በፊት ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣና ቀኑን ያጨልማል።

እንዲህ ከሆነ ሹራብ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ምክንያቱ ሦስት ነው። በመጀመሪያ፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ እስከ 15 ወይም 16 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሙቀት የለመደ ሰው ይህን እንደ ብርድ ይቆጥረዋል፤ ማለዳ ተነሥታ ግቢ የምትጠርገውም ሴት በትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ትሻለች። ሁለተኛ፥ በባለጸጎች ቤት አየር ማቀዝቀዣ ስለሚኖር፥ ከእሳት አጠገብ ወደ ቀዘቀዘ አዳራሽ በቀን ብዙ ጊዜ የምትመላለስ ሴት ላቧ በሰውነቷ ላይ ይበርዳል። ሦስተኛም፥ ፀሐዩ ቆዳን ስለሚያቃጥል እጅና ትከሻ ገልጦ መሄድ ከጨዋነቱ ሌላ ለጤናም አይበጅም። የሱዳን ሴቶች አራት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለውን ቶብ የሚባለውን ልብስ በሰውነታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ በውስጡም ቀለል ያለ ሸሚዝ ይለብሳሉ። የኪሮሹም ሹራብ ሥራ ይህን የመሰለ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር አዲስ የመጣች ልጅ በመጀመሪያ ይህን አትቀበልም። በእንደዚህ ያለ ጊዜ የሚደረገው ንግግር የታወቀ ነው፤

«እትዬ፥ ይኼ ሹራብ ቀዳዳው በዛ እኮ! ነፋስ አያስገባም?»

«ያስገባ እንጂ ልጄ! እዚህ አገር የምንለምነው ነፋስ ነው። የአገርሽን ሱፍ አጥፈሽ ከሣጥን አኑሪው።»

እትዬ ያለችው እውነት ነው። ክሩም ጥጥ እንዲሆን ያስፈልጋል። በፋብሪካ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ሰው ሠራሽ ክር ዋጋው ርካሽ፥ ቀለሙም ያማረ ቢሆን፥ ላብ አይመጥም፤ በሙቀትም ጊዜ በሰውነት ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ግን ላቡን ይመጥጠዋል፤ በቀዳዳው የሚገባውም ነፋስ ያደርቀዋል፤ ሰውነትም በዚህ ይቀዘቅዛል።

ጥጥ ካነሣን ከካርቱም በስተ ደቡብ በሁለቱ ዓባዮች መካከል ያለውን ጀዚራ የሚባለውን አገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም፤ ጀዚራ ማለት በዓረብኛ ደሴት ማለት ነው። የሰናር ግድብ በ1925 ሲፈጸም የዓባይ ውሃ በቦይ ወደዚያ ሜዳ ገባ፤ እርሻውም እየሰፋ ሄዶ 880 ሺህ ሄክታር ያህል ሆነ። ለብዙ ዓመት ሱዳን በዓለም ገበያ የታወቀችበት ረዥም ጭረት ያለው ጥጥ የበቀለው በዚህ ውሃ ነው። የሱዳን ጥጥ የለበሰ ሰው በከፊል የጣናን ውሃ ለብሷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከዚህ በታች የምንገልጸው የደረቷ ዙሪያ 92 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሴት ነው፤ ነፋስ እንዲገባ 8 ሳንቲ ሜትር ስለምንጨምር የሹራቡ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ክርና 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪሮሽ ይበቃል። የሚፈጀው ክር እንደ ውፍረቱና እንደ እጁ ጥብቀት ቢለያይም፥ ከ250 እስከ 300 ግራም አዘጋጅቶ መጀመር መልካም ነው።

ሥራው በሁለት ዓይነት ዓይን ይፈጸማል። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ሰንሰለት ነው። ሁለተኛውን እኛ በዚህ ጽሑፍ ምሰሶ እንለዋለን። ምሰሶ ሲሠራ ክሩ አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ይጠመጠማል፤ ኪሮሹ በዓይኑ ውስጥ ገብቶ ክሩን ስቦ ሲያወጣ በላዩ 3 ቀለበቶች ይገኛሉ፤ ክሩን ይዞ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ እንደገናም ክሩን ይዞ በቀሩት 2 ውስጥ ያልፋል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል አንድ ሰንሰለት ሲገባ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ይህንንም መስኮት ብለነዋል። ሹራቡ በሙሉ የመስኮቶች ስብስብ ነው።

ሠሪዋ አስቀድማ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ መሞከሪያ ትሥራ። መሞከሪያውን አጥባ ካደረቀችው በኋላ በ10 ሳንቲ ሜትር ስፋት 10 መስኮት፥ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመትም 9 ረድፍ ከተገኘ ልኩ ደኅና ነው። መስኮቱ ከበዛ ወፈር ያለ ኪሮሽ፥ ካነሰም ቀጠን ያለ ትያዝ። ይህን ሥራ እንደ ጊዜ ማባከን የምትቆጥር ሴት ብዙ ናት፤ ነገር ግን ጥጥ ሲታጠብ ጠባዩን ስለሚለውጥ፥ በክብደቱም ወደ ታች ስለሚረዝም፥ ያልተሞከረ ክር የሃያ ሰዓት ድካም ያበላሻል።

የጀርባው ክፍል እንዲህ ይጀመራል። 101 ሰንሰለት ይሠራል፤ በዚያ ላይ 4 ይጨመራል። ከአራቱ ሦስቱ እንደ መጀመሪያው ምሰሶ፥ አንዱ እንደ መስኮቱ ጕበን ይቈጠራሉ። ከመሠረቱ ሰንሰለት የመጨረሻው ይህን ምሰሶ ስለ ተሸከመ እርሱና ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ይታለፋሉ፤ በሚከተለውም ላይ ምሰሶ ይሠራል። ከዚያም አንድ ሰንሰለት፥ አንድ ዓይን ማለፍ፥ አንድ ምሰሶ እየተባለ እስከ ጫፍ ሲደረስ 51 ምሰሶና 50 መስኮት ይገኛል። በየረድፉ መጨረሻ 4 ሰንሰለት ሠርቶ ሥራውን ማዞር፥ ምሰሶውንም በምሰሶ ላይ ማቆም ነው፤ የመጨረሻውም ምሰሶ ባለፈው ረድፍ መጀመሪያ ከተሠሩት ከአራቱ ሰንሰለቶች በሦስተኛው ላይ ያርፋል። 49 ረድፍ ሲሞላ ቁመቱ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጀርባውም አልቋል።

የፊተኛው ክፍል እስከ 42ኛው ረድፍ ድረስ ከጀርባው አይለይም። ከዚያ በኋላ ለአንገት በመካከል 20 መስኮት ይተዋል፤ በቀኝና በግራ ያሉት 15፥ 15 መስኮቶች ብቻ እያንዳንዳቸው 7 ረድፍ ወደ ላይ ይቀጥላሉ። ከዚያም ትከሻው ከትከሻው ጋራ ይሰፋል። ጎኖቹም ከታች ጀምሮ 31 ረድፍ ድረስ ሲሰፉ፥ በላይ የሚቀሩት 18 ረድፎች 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእጅ መግቢያ ይሆናሉ። ሁለቱ ክፍሎች ከትከሻ ሰፋ ስለሚሉ ጨርቁ ራሱ ወደ ክንድ ወርዶ አጭር እጅጌ ይመስላል። በመጨረሻ በአንገቱና በእጆቹ ዙሪያ አንድ ዙር አጭር ዓይን ቢሠራበት ጠርዙ አይላላም።

ይህ ልብስ ብቻውን አይለበስም፤ በውስጡ ስስ የሆነ የጥጥ ካናቴራ ያስፈልገዋል። ሲታጠብ አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ከተጨመቀ በኋላ በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይደርቃል። በገመድ ላይ ቢሰቀል ይረዝማል፤ በካርቱም ፀሐይ ቢሰጣም ቀለሙ ይለቃል። የሀቡብ አቧራ በመስኮቱ ውስጥ ቢገባ ግን አያሳስብም፤ አንድ ጊዜ ቢያራግፉት ይወጣል።

ስለ ዋጋው

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር እንጨምራለን። ሹራቡ 98 ረድፍ አለው። የለመደች እጅ አንዱን ረድፍ በ10 ደቂቃ ብትሠራ 16 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስፌቱና ጠርዙ ሲጨመር ወደ 20 ይደርሳል። ብዙ ሴቶች ግን የእጃቸውን ሥራ ሲሸጡ የሚያስቡት የክሩን ዋጋ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ እንደ ሥጦታ ይሄዳል። በተለይም በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከማዳሟ ወይም ከጎረቤት «አንድ ሥሪልኝ» ስትባል ዋጋ መጥራት ያሳፍራታል። ማፈር አይገባትም። የዕረፍት ሰዓቷ የራሷ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሠራችውም የራሷ ነው። ክሩን ለብቻ፥ ሰዓቱን ለብቻ በወረቀት ጽፋ ብታሳይ ለክርክር ቦታ አይኖርም።

ኪሮሽ የችግር ቀን መተዳደሪያ ሆኖ ማገልገሉም አዲስ ነገር አይደለም። ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ የድንች ሰብል ጠፍቶ ብርቱ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ መነኮሳይያትና ሌሎች በጎ አድራጊዎች ለድኾች ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ፤ ዳንቴሉም በውጭ አገር እየተሸጠ ብዙ ቤተሰብ ያበላ ነበር። በእኛም አገር ለጠረጴዛና ለሶፋ የሚሆነውን ዳንቴል የማይሠራበት ከተማ የለም። ከጠረጴዛው ልብስ ወደ ሰው ልብስ መሻገር ግን የልክና የቁጥር ጉዳይ ብቻ ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ውጊያ ተነሣ። ካፉሪም ከከተማው ብዙ ክፍሎች ጋራ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ፤ ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የሱዳን ጦር ሠፈሩን መልሶ የያዘው በየካቲት ወር 2025 ነው። በመካከሉ ጦርነቱ ወደ ጀዚራም ተሻግሮ እርሻውን አወከ፤ የጀዚራ ዋና ከተማ ዋድ መደኒ በታኅሣሥ 2023 ተይዛ በጥር 2025 ተመለሰች።

የቤቱ ባለቤቶች ሲወጡ ሠራተኞቻቸውም ወጡ። ከኢትዮጵያውያት ብዙዎቹ በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ ከካርቱም እስከ ገላባት ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ከመተማ እስከ ጎንደርም 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በእንደዚህ ያለ ጉዞ ሣጥን አይያዝም። የብዙ ዓመት ጥሪት፥ ዕቃና ያልተከፈለ ደመወዝ በኋላ ቀርቷል። በዚያው መንገድ ሱዳናውያን ቤተሰቦችም ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ትናንት ማዳም የተባለችውና ትናንት ሠራተኛ የነበረችው በአንድ ድንበር ላይ ተሰልፈው ቆሙ።

ኪሮሽ ግን ከእርሳስ አይበልጥም፤ ከልብስ እጥፋት ውስጥ ይገባል። ኪሮሹ እንኳ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ 101 ሰንሰለት፥ 49 ረድፍ፥ 15 መስኮት የሚለው ቁጥር በራስ ውስጥ ተይዞ ያለ ፈታሽ ድንበር ያልፋል። መተማና አካባቢው ራሱ ጥጥ አብቃይ ቆላ ነው፤ አየሩም ለካርቱሙ ሹራብ የተመቸ ነው። እንግዲህ በጎንደርም ሆነ በመተማ ከሱዳን የተመለሰች እኅት ያላቸው ቤተሰቦች «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ፥ አንድ ኪሮሽና 300 ግራም የጥጥ ክር ገዝተው ቢሰጧት መልካም ይመስለናል። የመጀመሪያውን ሹራብ ሠርታ ስትጨርስም ዋጋውን ከነሰዓቱ ይክፈሏት።